ሲሸኙ የተነፋው ማርሽ

ባለፈው ዓመት በአንድ የበዓል ቀን ከአጎቴ ጋር ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ነበር። ከላይ በኩል ማርሽ ባንድ መጣ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ አስፋልቱ ተጠጋ፣ ሕፃናት ከኋላ ከኋላ መሮጥ ጀመሩ። አጎቴ ግን ከወንበሩ አልተነሳም፣ ዞር ብሎም አላየም። ሻዩን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ሦስት ጣቶቹ መውረድና መነሳት ጀመሩ። አመልካች ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት። ከንፈሩ ጥብቅ ብሎ ጉንጩ ደርቋል። ጠረጴዛው ሥር ግራ እግሩ ከከበሮው እኩል መሬቱን ይመታል።

ባንዱ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ አላናገርኩትም። ድምፁ ሲርቅ ጣቶቹ ቆሙ። «ይሄ የሽኝት ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የአቀባበል የሚባል ግን አልነበረንም» አለ። ሻዩን ጨርሶ ሂሳብ ከፈለ። በቃ፣ ወደ ቤት ሄድን።

ያቺ ዓረፍተ ነገር አለቀቀችኝም። አጎቴ ወታደር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ትራምፔት ይነፋ እንደነበርም እናውቃለን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አለ። ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም ነው ነገሩ። ስለዚያ ሥራው በቁም ነገር የጠየቀው ሰው ከመሃላችን አልነበረም። የኪነት ሰው ነበር፣ ጦሩን ያዝናና ነበር እንላለን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ኮምቦልቻ እሱ ቤት እየወረድኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአጎቴን ሆድ የከፈተው ግን ያ ማርሽ ነው።

ከንፈር እስኪያብጥ

በ1970 ነው የተቀጠረው። ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ነበር። ለሙዚቃ ክፍሉ የመረጡት በአጋጣሚ ነው። ሥልጠና ላይ ሲሮጡ የሚዘፍኑትን ዘፈን ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያነሳው፣ ያ ድምፁ በአንዱ አሠልጣኝ ጆሮ ገባ። ከጓደኞቹ ለይተው ወደ ሌላ ቤት ወሰዱት። ትራምፔት ይሰጡኛል ብሎ ሲጠብቅ የሰጡት ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሿን ብረት ብቻ ነው። በእሷ ብቻ ሳምንታት ነፋ። ዶ ሬ ሚ እየዘመረ፣ ኖታ እየቆጠረ፣ ከንፈሩ አብጦ ሽሮ እንኳ መዋጥ እስኪያቅተው።

ከነገረኝ ሁሉ በጣም የገረመኝ የብርዱ ነገር ነው። የነሐስ መሣሪያ በብርድ ቃናው ይወርዳል። ደሴን የሚያውቅ ሰው የጦሳ ንጋት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሰልፉ ማለዳ ከሆነ ሁሉም ያቺን ትንሽ ብረት ብብቱ ሥር አድርጎ ነው የሚወጣው። ቧንቧውን ደግሞ ድምፅ ሳያወጡ ትንፋሽ እየሰደዱ ያሞቁታል። «አየሽ፣ አንዱ ሳያሞቅ ከመጣ ሁላችንም ላይ ነው የሚበላሸው» አለኝ። ይህን ሲለኝ የሚኮራ ሰው ፊት ነበረው። የምር ሙያ ነው። ፍጥነቱ የታወቀ ነው፣ በደቂቃ 120 እርምጃ። ትልቁ ከበሮ የሚመታው ግራ እግር መሬት ሲነካ ነው። ከበሮ መቺው ትንሽ ከቸኮለ ሺህ ሰው አብሮት ይቸኩላል፣ እሱ ከተደናገረ ሰልፉ ሁሉ ይደናገራል።

ወረኢሉና አርባዎቹ ልጆች

የክቡር ዘበኛንና የፖሊስ ሠራዊትን ኦርኬስትራ ታሪክ እዚህ አልደግምም። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ ከክቡር ዘበኛ፤ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ እንደወጡ የማያውቅ የለም። ዛሬ ቡና ሲፈላ የምንከፍተው ሙዚቃ አብዛኛው መነሻው ጦር ሰፈር ነው፣ ይህንንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንረሳው ግን እነዚያ ዘፋኞች ደመወዛቸውም ቅጣታቸውም የወታደር መሆኑን ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁንም የክቡር ዘበኛ ሰው ነህና ተብሎ ታስሯል።

እኔን ይዞ ያቆየኝ ከዚያ የራቀው ነው። የአድዋ ክተት በመስከረም 1888 ሲታወጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት የተባለው ወረኢሉ ላይ ነው። ወረኢሉ እዚሁ የእኛው ናት። ያ ሁሉ ሠራዊት ሲከት ምን ይሰማ እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ። ነጋሪቱ በበቅሎ ተጭኖ እየተጎሰመ፣ መለከቱ፣ እምቢልታው። እምቢልታ ለብቻው አንድ ሁለት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ዜማ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሲነፉት ነው፣ አንዱ ከጎደለ ዜማው ራሱ ይጎድላል። ከዚያም አዝማሪው አለ፣ ሲያሻው የሚያወድስ፣ ሲያሻው ፈሪን ስም ጠርቶ የሚያሳፍር። ሽለላውና ፉከራውም አለ።

በኋላ የነሐሱ ዘመን መጣ። ራስ ተፈሪ በ1916 ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ልጆች አገኙ። ወላጆቻቸው በአርመኖች እልቂት ያለቁባቸው ልጆች ናቸው። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸውና የመንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያቀናበረው መዝሙር በ1923 ራስ ተፈሪ ሲነግሡ በበዓሉ ላይ ተሰማ። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አጎቴን ማነጋገር ከጀመርኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ለአገራችን የደስታ መዝሙር የነፉት ልጆች የእናታቸውን መቃብር እንኳ የማያውቁ ናቸው። የሚነፋ ሰው የራሱን ሐዘን ይዞ ነው የሚነፋው፤ ሰሚው ግን አያይበትም።

ሆጤ ላይ

ይህን ታሪክ አጎቴ የነገረኝ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ነው፣ ሚስቱ ቡና አቁላልታ ወደ ጓዳ ስትገባ።

በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ብሔራዊ ውትድርና። የእሱ ክፍል ደሴ መጥቶ ነበር፣ ሽኝት ላይ እንዲነፉ ታዘዙ። ሆጤ ሜዳ በሰው ሞልቷል። ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ አንዳንዱ ገና ጢም አላበቀለም። መኪኖቹ በአንድ ወገን ቆመዋል። እናቶች በሌላ ወገን። አጎቴ ደሴ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ከሕዝቡ መሃል ስንት የሚያውቀው ፊት አለ። ቀና ብሎ ላለማየት ወሰነ፣ ዓይኑን መሪያቸው እጅ ላይ ብቻ ተክሎ መንፋት ጀመረ።

መኪኖቹ ሞተር ሲያስነሱ ለቅሶው ተነሳ። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። መሪያቸው ይህን ሲሰማ በእጁ ወደ ላይ አመለከተ። ከፍ አድርጉ ማለቱ ነው። ከፍ አደረጉ። ለቅሶው አሁንም ይሰማል። መሪው ደግሞ አመለከተ። «ሳንባዬ እስኪፈነዳ ነፋሁ» አለኝ አጎቴ። «ያኔ ሳልፈልግ ቀና አልኩ። እትዬን አየኋት። ጎረቤታችን ናት፣ በልጅነቴ ስንቴ ያበላችኝ ሴት። ልጇ ከመኪናው ላይ ነበር። አፏ ሲከፈት አየሁ፣ እጇን ስታወዛውዝ አየሁ። ድምጿን ግን አልሰማሁትም። እንዴት ልሰማው? የምነፋው እኔ ነኛ።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ቡናው መጣ፣ አቦሉን ጠጣን፣ ስለ እሱ ማንም አላነሳም። ልጁ ተመልሶ እንደሆነ ልጠይቀው ፈለግኩ፣ አልደፈርኩም። እሱ ራሱ ነገረኝ። አልተመለሰም።

ከኮምቦልቻ ስመለስ ታክሲው የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣ እኔ ስናደድ ነበር። በመሪው ላይ፣ በዘመኑ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር በሙዚቃው ራሱ ላይ። የእናት ድምፅ እንዳይሰማ የሚነፋ ጥሩምባ ምን ዓይነት ነገር ነው? ከዚያ በፊት የጦር ሙዚቃ ሥራው ወኔ መቀስቀስ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን ግን ለመሸፈኛ ብቻ የተሠራ መሰለኝ። ያለፈው ጦርነት ጊዜ ከተማችን ውስጥ በየመኪናው ጣሪያ ላይ የተጫነው ሞንታርቦ ትዝ አለኝ። 2014ን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያሳለፈ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ሌት ተቀን ቀረርቶ። በዚያ ሁሉ ድምፅ ሥር የማን ድምፅ ነበር? እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ይህን ጽሑፍ ያኔ ጽፌው ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እትዬ

እትዬ አሁንም በሕይወት አሉ። አርጅተዋል፣ ቤታቸው ከሰኞ ገበያ ብዙ አይርቅም። አጎቴን ልትወስደኝ ትችላለህ ወይ አልኩት። ለረጅም ጊዜ እምቢ አለኝ፣ ቁስል መነካካት ነው ብሎ። በኋላ ራሱ ደወለልኝ።

ገና በሩ ላይ ሲያዩት ትከሻውን ስመው ስመው አልጠገቡም። «የልጄ ሸኚ» ይሉታል። እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠሩት። እሱ አንገቱን ይደፋል። ቁጭ አልን። ያን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ምኑን እረሳዋለሁ ልጄ» አሉኝ። አጎቴ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

ሲያለቅሱ ልጃቸው እንዳይሰማቸው ፈርተው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አላለቅስም ብለው ለራሳቸው ሲምሉ ነው ያደሩት። ልጁ የእናቱን ለቅሶ እየሰማ እንዲሄድ አልፈለጉም፣ መንገድ ላይ ሆዱ ይባባል፣ የሄደበትም አይሆንለትም። ሞተሩ ሲነሳ ግን አልቻሉም፣ አመለጣቸው። «አላህ ይስጠው፣ ያኔ ይሄ ልጅ ነፋው። እንዲያ ሲነፋው እኔም እንደ ልቤ ጮህኩ። ልጄ ሳይሰማኝ ጮህኩ። እየሳቀ ነው የሄደው።»

አጎቴን አየሁት። ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ኃጢአት የተሸከመው ነገር ለእሳቸው ውለታ ነበር። እሱ ሸፈንኳት ብሎ ያስባል። እሳቸው ሸፈነልኝ ይላሉ። ማንም ቢጠይቀኝ ሁለቱም እውነት ነው እላለሁ። መሪው በእጁ ከፍ አድርጉ ሲል ለእናቶቹ ብሎ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ ሰልፉ እንዳይበላሽ ነው። ትንፋሹ ግን የመሪው አልነበረም። የአንድ የሰፈር ልጅ ትንፋሽ ነበር፣ እትዬም ያንን ለይተው ነው የወሰዱት።

ልንወጣ ስንል እጁን ይዘው አንድ ነገር ጨመሩ። «መርዶውን ግን በባዶ ነገሩኝ። ማንም አልነፋልኝም።»

ውጊያ ላይ ባንድ የለም

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው የአጎቴ የፒያሳው ንግግር የገባኝ። የአቀባበል አልነበረንም ያለው።

ብዙ ሰው የጦር ሙዚቃ ሲባል ከሚተኮሰው ጎን ለጎን የሚነፋ ይመስለዋል። አጎቴ እንደሚለው ተኩስ ሲጀመር ትራምፔቱ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ሙዚቀኞቹ ቃሬዛ ይይዛሉ። ይህ የእነሱ ክፍል ብቻ አይደለም፣ በብዙ አገር ጦር ውስጥ የባንድ ሰው በውጊያ ጊዜ ቁስለኛ ተሸካሚ ነው። ማለዳ የሸኙትን ልጅ ከሰዓት በትከሻቸው ያመጡታል ማለት ነው። ይህንን ማንም ፎቶ አንስቶ ሳሎን አልሰቀለም።

ሙዚቃው የሚያስፈልገው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ነው፣ አጎቴ ይህን ደጋግሞ ይለዋል። ውኃ ይጠብቃል፣ ደብዳቤ ይጠብቃል፣ ትእዛዝ ይጠብቃል። ምሽት ላይ አንዱ ከጣሳና ከስልክ ሽቦ የሠራውን ክራር ያወጣል። የጎጃሙ የራሱን፣ የጎንደሩ የራሱን ይላል። የወሎ ልጅ አምባሰል ወይም ባቲ ከሰማ አገሩን በስሙ የጠሩለት ያህል ነው፣ ሁለቱም ቅኝቶች ስማቸው የእኛው አገር ነውና። አንድ አለቃቸው ወደ ግንባር ከመውጣታቸው በፊት ባለው ምሽት ትዝታ እንዳይጫወቱ ከልክሏቸው ነበር። ልጆቹ ቤታቸውን እያሰቡ እንዳያድሩ ነው። ሌሎቹ ቅኝቶች ግን አልተከለከሉም። «አምባሰል ስትሰማ የባሰ እንደምትናፍቅ አላወቀም፣ የወሎ ሰው አልነበረማ» አለኝ።

ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። ያ ሁሉ ጦር ተበተነ። አጎቴ ወደ ደሴ የገባው በእግሩ ነው፣ ሸራ ጫማው ተቀዶ፣ የሰው ቡትቶ ለብሶ። ትራምፔቱ የት እንደቀረ አያውቅም። ሆጤ ላይ ስንቱን በነሐስ የሸኘ ሰው ራሱ ሲመለስ ውሻ ብቻ ነበር የጮኸው። አያቴ በሩን ከፍታ ስታየው እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ጎረቤት ልጁ ያልተመለሰለት አለ ብላ መልሳ ዘጋችው። በእጇ አፏን ይዛ ነው ያስገባችው።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ሽኝት ላይ ነሐስ የሚያሰማ አገር አቀባበልም ላይ ማሰማት አለበት። የድል በዓሉን ማለቴ አይደለም፣ እሱማ አለ፣ በቴሌቪዥንም ይታያል። የምለው አካሉ ተቆርጦ ስለሚመለሰው፣ በክራንች መናኸሪያ ላይ ስለሚወርደው፣ ማንም ሳያየው ሰፈሩ ስለሚገባው ሰው ነው። ስለ መርዶውም ነው። እናት መርዶ ስትሰማ ከደጇ የሚቆሙ ሦስት አራት ነፊዎች ቢኖሩ ልጇን ማን እንደሸኘውና ማን እንደተቀበለው ታውቃለች። ብዙ ወጪ የለውም። መሣሪያው አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ደመወዛቸውም ይከፈላል። ያልታዘዘ ነገር ስለሆነ ብቻ ነው የማይደረገው።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው በሐሳቡ ተስማማ፣ በፍጥነቱ ግን አልተስማማም። ለሚመለስ ሰው 120 ይፈጥናል አለኝ። «ያ ሄዶ ለሚዋጋ እግር ነው። የተመለሰው እግር እንደዚያ አይራመድም።» ባንዱ መራመድ የለበትም ይላል፣ ባለበት ይቁም፣ የሚመጣው ሰው በራሱ እርምጃ ይምጣ፣ ከበሮውም የእሱን እግር እያየ ይምታ። ከበሮ መቺው ሲጠብቅ ይጠብቅ።

አሁን የምንከራከረው በቅኝቱ ላይ ነው። እኔ ባቲ ይሁን እላለሁ፣ ስለ ናፍቆት ከሆነ ባቲን የሚያህል የለም። እሱ አምባሰል ነው የሚለው። አምባሰል ጀግንነቱንም ሐዘኑንም አንድ ላይ ይሸከማል፣ ለነሐስም ይመቻል ይላል። የመጀመሪያዋን መስመር በኖታ ጽፎልኛል፣ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይነበባል። አባቱ ወይም አጎቱ በጦር ባንድ ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ካነበበ እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የትኛውን ማርሽ ለማን እንደነፉ፣ ከሕዝቡ መሃል ማንን እንዳዩ። ትራምፔት ያለው ደግሞ ኮምቦልቻ ድረስ ይምጣ፣ የሁለተኛዋ መስመር ጉዳይ አልተቋጨም።